የግድግዳው የመጨረሻ ቁራጭ

ፖሊካርፖስ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው የአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው ስብርባሪ ድንጋይ ብቻ ነው። እሱን ግቢው ውስጥ ደርድሮ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ሲፈልግ ፀጉሩ ሸበተ።

ድንጋይ የሚለየው በምላሱ ነበር። ይልሰዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ "ይሄ የኛው ተራራ ነው፤ ያኛው ከባሕር ማዶ የመጣ" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

መንደሩ ሁሉ ለምግብ የሚሆነውን የወይራ ፍሬ በየበርሜሉ በጨው ውሃ በሚዘፈዝፍበት ሰሞን የመጨረሻው ቁራጭ ከመሬት ወጣ። ዳቦ ያህላል፤ በአንድ ጎኑ ጥንት የብረት ማያያዣ የገባበት፣ የርግብ ጭራ የሚመስል ጎድጓዳ አለው።

"ነገ ገጥሜው ግድግዳዬን እጨርሳለሁ" አላት ሚስቱን ኤቫንቲያን። "ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ? በሰላም እሞታለሁ።"

ሐኪሙ የፖሊካርፖስ ልብ መድከሙን የነገራቸው በዚያው ሳምንት ነበር። ኤቫንቲያ ክፉ ቃል እንዳይዝ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችና ወደ ወይራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቁራጩ የለም። ፖሊካርፖስ ሲጮህ ኤቫንቲያ እጇ እስከ ክርኗ እንደራሰ ሮጣ መጣች።

"ሳራንዲስ ነው!" አለ።

ጎረቤታቸው ሳራንዲስ ሰሞኑን የፍየል በረቱን ጠግኗል። በዚያ አገር ደግሞ የጥንት ድንጋይ ያልገባበት በረት የለም።

"አንተ ሌባ! የአማልክትን ግድግዳ ለፍየል?"

"ፍየሎቼ እስካሁን አላማረሩም፣ ፕሮፌሰር።"

"በረትህን እልሰዋለሁ!"

"ላስ፤ ማን ከለከለህ? ከወገብ በታች ያለውን ግን አልመክርህም።"

ፖሊካርፖስ ላሰ። ሰው ከየቤቱ ወንበር ይዞ ወጣ። አንዲት ፍየል አጠገቡ ቆማ እሷም መላስ ጀመረች።

"እሷ ምን አለች?" አለ ሳራንዲስ። "ከባሕር ማዶ ነው?"

በበረቱ ውስጥ ቁራጩ አልተገኘም። ፖሊካርፖስ ግን አልተወም። የውሃ ጉድጓዱን አፍ ላሰ፤ የወፍጮ ቤቱን ደፍ ላሰ፤ ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲልስ አገኙትና ባርከውት አለፉ። የደከመው ቀን ኤቫንቲያ ታነሳሳዋለች።

"የሳራንዲስን ምድጃ አይተኸዋል?"

"ምድጃውን! እንዴት ረሳሁት!" ብሎ ባርኔጣውን ይፈልጋል።

መከር መጣ፣ መከር ሄደ። ፖሊካርፖስ ዳገቱን ያለ ከዘራ መውጣት ጀመረ። ሐኪሙ ልቡን ደጋግሞ አዳመጠና ግራ ገባው።

"ምን መድኃኒት ነው የምትወስደው?"

"ሳራንዲስን።"

አንድ ምሽት እራት ላይ የወይራ ፍሬ አፉ ውስጥ አገላብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

"የአንቺ ወይራ የማንንም አይመስልም። የሆነ ጣዕም አለው... አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ላይ አለ፤ ስሙ ግን አልመጣልኝም።"

"ስትበላ አታውራ።"

"ነገ የሳራንዲስን ጭስ ማውጫ ነው የምልሰው። ጣሪያ ላይ እወጣለሁ።"

"መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ" አለችና ባዶውን ሳህን አነሳች።

ምድር ቤት ወርዳ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከበርሜሉ ወይራ ጨልፋ ሳህኑን ሞላች፤ ከዚያም ወይራው እንዳይንሳፈፍ የሚጫነውን ድንጋይ የርግብ ጭራውን ወደ ታች አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው።