የኬብሉ ጥፋት

ከወር በፊት ሰፈሩ በሞላበት ፕሌስቴሽን ቤት አምስት ለዜሮ ስትረታው፣ "ኬብሉ ነው! ምስሉ እየተቆራረጠብኝ እንጂ እኔ በሴት ልሸነፍ?" ብሎ ሰዉን አሳቀባት።

ዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ሱቋ ድረስ መጣ። "እስቲ አንቺ አዋቂ፣ ፕሌስቴሽኔን ከአዲሱ ቴሌቪዥኔ ጋር የማገናኝበት ኤችዲኤምአይ ኬብል ምረጪልኝ።"

እጇ መጀመሪያ የሄደው ምስል ወደሚቆራርጠው አሮጌ ኬብል ነበር። አፉ እንጂ ዓይኑ የማይሠራ ሰው ልዩነቱን በምን ያውቃል? ግን መልሳ አስቀመጠችውና የሱቁን ምርጥ ኬብል አወረደችለት።

"በዚህ ምስሉ ለቅጽበት እንኳ አይቆረጥም።"

"ቂም አታውቂም ማለት ነው?" አለ ተገርሞ።

የራሷን ጆይስቲክ ከመሳቢያ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ሰክተህ ጠብቀኝ። የዚያን ቀን የሳቁትን ሁሉ ጥራልኝ፤ አንድ ሰው እንዳይቀር።"