የአሥረኛ ክፍል ነገር

ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አማካይ ውጤቷ ዘጠና ሁለት ነበር። አሥራ አንደኛ ላይ ዘጠና ሦስት፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ዘጠና ስድስት። መሀል ላይ ግን ያቺ አሥረኛ ክፍል አለች፤ ሃምሳ አንድ። ሒሳብማ ሠላሳ ስምንት።

በዚያ ዓመት እናቷ ታማ ነበር። ልጅቱ ጠዋት እናቷን አጥባ፣ መድኃኒቷን ሰጥታ፣ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሳምንት እናትየዋ ሞተች።

ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ ከስንት ሺህ አመልካች አርባ ብቻ ነው የሚወስደው። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትምህርት ቤቱ በፖስታ አሽጎ፣ መክደኛው ላይ ማህተም አሳርፎ የሚሰጠው የትምህርት ማስረጃ። ሁለተኛው አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ። ማህተሙ የተነካካ ፖስታ ከመጣ ሳይነበብ ይጣላል።

አባቷ ማህተም ቀራጭ ነው። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጎማ ይቀርጻል፤ በጎን ደግሞ የሠርግ ጥሪና ልዩ ልዩ ቅጽ ያትማል። የአካባቢው መሥሪያ ቤት ማህተም ሁሉ ከሱ እጅ የወጣ ስለሆነ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ ማህተም» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስሟ ሲነሳ አይወድም። ወይ ወሬ ይቀይራል፣ ወይ ተነስቶ ይሄዳል።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሹም ነው። ተማሪዎቹ «ኮምጣጤ» ይሉታል፤ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ሴት ልጁ ከዚችኛዋ ጋር አንድ ክፍል ናት፤ እሷም እዚያው ዩኒቨርሲቲ አመልክታለች። እንግዲህ አስቡት! የልጅቱ ማስረጃ የሚዘጋጀው በተፎካካሪዋ አባት እጅ ነው።

አባትና ልጅ አብረው ቢሮው ሄዱ።

«ወንድሜ፣ ያቺ አሥረኛ ክፍል...» አለ አባት። «እናቷ ታማባት ነው እኮ። ከውጤቱ አጠገብ አንዲት ቃል ብትጽፍላት ምን አለበት?»

«መዝገቡ ላይ ያለውን ነው የምጽፈው» አለ ኮምጣጤ ቀና እንኳ ሳይል። «አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ አሸገ፣ መክደኛው ላይ ማህተሙን ጫን አድርጎ አሳረፈ። «ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እጅህ ይባረክ» አለው አባትየውን። ከአፉ የወጣ ደግ ቃል ይህ ብቻ ነው።

ደጅ ሲወጡ ልጅቱ እንባዋ ቀደማት። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሊጥለኝ ነው! ውስጡ ምን እንደጻፈ በምን እናውቃለን?»

«ተረጋጊ። ፖስታው እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ራሴ እልከዋለሁ። አንቺ ደብዳቤሽን ጻፊ።»

ሦስት ቀን ጻፈች። ምንም አልደበቀችም። «አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ወደቅሁ፤ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ» ብላ ነው የጀመረችው። የቋንቋ አስተማሪዋ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «የምታስገባሽ ይቺ ደብዳቤ ናት» አለቻት።

አባቷ ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ሲሰጠው «ስለ ምንድን ነው የጻፍሽው?» አላት።

«ስለ እማዬ።»

ጉሮሮውን ጠረገና ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቃት።

እሑድ ሱቁን ከፍቶ የማያውቀው ሰውዬ ያን እሑድ ከፈተ። ማታ ሲመጣ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ቢላዋው አምልጦት ነው አሉ። ሰኞ ሁለቱንም ፖስታ ልኮ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስጨበጣት። «በቃ፣ ሐሳብሽን ጣይው» አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈካ።

ከሁለት ወር በኋላ የተመረጡት ስም ተለጠፈ። የኮምጣጤ ልጅ አለች። እሷ የለችም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አራት ጊዜ አየችው።

ደሟ ፈላ። «አባዬ፣ አልነገርኩህም? ዓይናችን እያየ ተጫወተብን! ሄጄ ጉዱን አወጣለሁ!»

«ተይው ልጄ፣ ነገር አታብዢ።»

«እንዴ!»

«ተይው አልኩሽ እኮ! ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል።»

አይ ፈሪ፣ አለችው በሆዷ። በነጋታው ብቻዋን ሄደች። ተማሪው ሁሉ በቆመበት ኮሪደር ላይ አባቷን የሚያህለውን ሰው «አንተ!» አለችው። «ለልጅህ ስትል ውጤቴን ቀየርክ! አንተ ሌባ!»

«አንዲት ቁጥር አልነካሁም» አለ ኮምጣጤ። ልጁ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማለች።

ማን ይመነው? ያ ፊቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ እስኪጣራ እቤቱ እንዲቆይ አዘዘው። በሩ ላይ በከሰል «ሌባ» ተጻፈበት፤ ማንም አላጠፋውም። ልጁም ከቤት መውጣት አቆመች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ለዩኒቨርሲቲውም ጻፈች። የጣለኝ ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገረኝ አለች።

መልሱ በአባቷ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጣ። ሱቁ ውስጥ፣ እፊቱ ቀደደችው። አባቷ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እቤት እናንብበው» አለ።

«አይ፣ አሁን ስማው! የዚያን ሰውዬ ሥራ ስማው!» አለችና ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«ደብዳቤዎን አንብበን በአንደኝነት መርጠንዎት ነበር፤ ይሁንና ትምህርት ቤትዎ አሽጎ በላከው ማስረጃ ላይ የአሥረኛ ክፍል አማካይ ውጤትዎ ዘጠና አራት፣ ሒሳብዎም ዘጠና ስምንት ሆኖ ስላገኘነው፣ ውድቀትዎንም የእናትዎንም ሞት እኛን ለማሳዘን የፈጠሩት ሐሰት ነው ብለን ስምዎን ሰርዘናል።»