የፊተኛው ዱካ

ሾፌሩ ላንድክሩዘሩን በጨው ሜዳው ላይ ያስጋልበዋል። ከፊቱ የሌላ መኪና የጎማ ዱካ ተዘርግቷል፤ የዛሬ ጠዋት፣ ትኩስ ዱካ ነው።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ በትሩን ወደ ላይ አነሳ። አፋሩ መንገድ መሪ፣ ያዮ፣ የሾፌሩን ክንድ ያዘ።

«አቁም፤ ዳጉ እንቀበል።»

የአገሩ ወግ ነው፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ሳይነግር አይተላለፍም። ሾፌሩ ግን ትናንት ለዚሁ ወግ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትሯል።

«የግመል ጤና ለመስማት አልቆምም» አለ። «ዱካው ያውልህ፤ ሰው ያለፈበት መንገድ ነው።»

ለመኪናው ነዳጅ ሰጠው። በስፖኪዮው ሲያይ ሽማግሌው በትሩን እያወዛወዘ ከኋላቸው ይሮጣል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት። ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ዱካው መለሰ።

ጥቂት እንደሄዱ ነጩ መሬት እየረጠበ መጣ። ያዮ የወንበሩን ቀበቶ ፈታ።

ዱካው ድንገት አለቀ። አልታጠፈም፣ አልተመለሰም። ካለቀበት ቦታ አንድ የመኪና ሬዲዮ አንቴና ከጨው ውስጥ ብቅ ብሏል።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።