የተርጓሚው ስም

የሺዋስ፣ መተማ ዮሐንስ ከተማ ባለው ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ፣ ለአዲሱ ዓመት የሚጠበቁትን ፊልሞች በጠመኔ ጻፈ። ከሥር እንደ ልማዱ «ተርጓሚ፦» ብሎ ጽፎ እጁ ቆመ። የዐረብኛውን ፊልም፣ ተመልካች መሐል ቆሞ፣ በጎንደርኛ እየተረጎመ የሚያወራው እሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ስምዎንም ረሱት?» አለ ከደጋ የመጣው የሰሊጥ አራሚ ምንይችል። «ፊልሙ ላይ ሙሽሪትን ባሏን ‹አንተ ከርፋፋ!› ያስባሏት ጊዜ፣ በማግስቱ አረም ላይ ስስቅ ዋልሁ እኮ። ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ለከርሞማ የፊት ወንበር የኔ ነው!»

የሺዋስ ሳቀ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሻርፑን ገለጥ አድርጎ ጉሮሮው ላይ የተሰፋውን የኦፕራሲዮን ቁስል አሳየው። የምንይችል ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። የሺዋስ ጠመኔውን አስጨበጠው፤ የምንይችልን ደረት፣ ቀጥሎም ከ«ተርጓሚ፦» አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካ።

ምንይችል ግን «የሺዋስ» ብሎ ጻፈ።