የመኪናዋ ማደሪያ

«መኪናዋ የት ነው የምታድረው?» አለ የኢንሹራንስ ደላላው፣ የስልኩን መነጋገሪያ በመዳፉ ሸፍኖ።

«ቤቷ ነዋ! እንደ ሰካራም ባል ውጭ ታድራለች እንዴ?» ባልየው ሳቀ። «ከገደሉ ሥር ያለው ሰፈር በላቸው።»

ደላላው ያንኑ ደገመላቸውና አዳመጠ። ሚስትየው ፊቱን ታየዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ ልብሱ ሳይጥመው ሲቀር፣ አፉን ሳይከፍት ታውቃለች።

«ይሄም ኩባንያ ያው ነው» አለ ደላላው ስልኩን ዘግቶ። «የመጀመሪያዎቹ የአምናውን እጥፍ ጠየቁ። ሁለተኛዎቹ ጭራሽ አንገባበትም አሉ። እነዚህ ደግሞ ሦስት እጥፍ።»

«ምን በድለናቸው?» ባልየው ጦፈ። «ታክሲ ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ! ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም!»

«አንተማ ምን ወጣህ፣ ወንድሜ። ዓረቦኑ ድሮ በመኪናዋ ዕድሜ፣ በሥራዋና በሾፌሩ ነበር የሚተመነው። ዘንድሮ ማደሪያዋን ጨመሩበት። ዝናቡ ሳይገባ ባለሙያ ልከው ሰፈሩን አስጠንተዋል አሉ።»

«ምን አገኙ?» አለች ሚስትየው።

«እሱን ለእኔ አይነግሩኝም፣ እህቴ። እኔ የምሰማው ዋጋውን ነው።» ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። «ሌላ ማደሪያ የላችሁም?»

ባልየው ብድግ አለ። «የእህትሽ ግቢስ? ከወንዙ ማዶ!»

ደላላው እንደገና ደወለ። የአሁኑ ንግግር አጭር ነበር፤ ዋጋውም ከአምናው በታች ወረደ። ባልየው ጠረጴዛውን በደስታ መታው።

«ሳይደግስ አይጣላም! ማታ ማታ እዚያ አቁሜያት፣ በእግሬ ወደ ቤት ወዝወዝ ነው!»

ሚስትየው የልጆቹ መኝታ ክፍል በር ትዝ አላት። ከሰሞኑ አልገጥም ብሎ፣ ባሏ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው እያለ ሁለቴ ጠርዙን ላገው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አልዘጋ አለ። ሁለቱም በሩን ሲወቅሱ ከረሙ እንጂ ግድግዳው ዘሞ እንደሆነ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

«በይ ደውዪላታ» አላት ባሏ።

ስልኳን አወጣች። ደወለች። መስኮቱን የዝናብ ጠብታ ይጠበጥበው ጀመር።

«እታለም» አለች፣ እህቷ ስልኩን ስታነሳ። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ትንሽ ቦታ ብቻ በያት» አንሾካሾከ ባሏ። «መኪናዋ ጥግ ላይ ብትቆም ይበቃታል።»

«ለልጆቹም ለእኛም የሚሆን ስንት ፍራሽ አለሽ?» አለቻት እህቷን።

ባልየው ሊስቅ ወደ ደላላው ዞረ። ደላላው አልሳቀም። ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው ከሩቅ ወደሚታየው ገደል እያየ ቆሞ ቀረ።