የለሁም በይ

«እኔ የለሁም በይ» ይላታል ወንድሟ ከአልጋው ላይ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ድምፁ። «ወረቀቱን ብቻ እያነበብሽ ሥሪ። ብትጠይቂኝም አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«ምን ያለ አነጋገር ነው! የለሁም በይ ይለኛል እንዴ?» ታላቅ እህቱ ናት፤ እታለም ነው የሚላት። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ታመቻቻለች።

ላፕቶፑን ያዋሰቻቸው የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ወንድሟ «የኔ እጅ ነክቶት የማያውቅ ማሽን ያስፈልገኛል» ብሎ ነው። የሚሞክሩት የሱ ፕሮግራም ትንሽ ነገር ነው፤ የልጁን ክብደት ሲነግሩት ስንት ሚሊ ሽሮፕ እንደሚሰጠው ይናገራል። እሱ የጻፈው፣ አንዲት እንቅልፍ ያጣች ነርስ የመድኃኒት መጠን ላይ ነጥብ አሳስታ፣ አንድ ሕፃን ከተቀበረ ወዲህ ነው። አሁን አምስት ጤና ጣቢያዎች ላክልን ብለው ይጠብቁታል። ነገ ጠዋት ደግሞ ጉሮሮውን ይከፍቱታል። ድምፁ እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ስለ ቀረው ሲጠይቁት መነጽሩን ነው የጠረገው።

«ሰው ጠፍቶ ነው እኔ የምሞክረው? አራተኛ ክፍልን በመስኮት አይቼ የተመለስኩት ሴትዮ?»

«ለዚህ ነው እኮ። አንቺ ከቻልሽው ማንም ይችለዋል።»

«ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ?»

አይመልስም። ጀምሯል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሽ ትሰካለች። አንድ፣ ይላል ወረቀቱ በወንድሟ ልቅም ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጉ። ሁለት፣ «ጫን» የሚለውን ንኩ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ትነካለች። አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ሄዶ ይሞላል።

«ጥቅል ብሎ ነገር! ገመድ የለው፣ ካርቶን የለው» ትላለች ለራሷ። ሦስት፣ የልጁን ክብደት ጻፉ። አሥራ ሁለት ትጽፋለች።

ቀይ ጽሑፍ ይወጣል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ዝም።

«አንተ! ቀላብኝ እኮ። ምን ልንካ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ከንፈሩ የተሰፋ ይመስላል። ልጆች ሳሉ እንዲህ ሲዘጋት «ምላስህን ይቁረጠው» ትለው ነበር። ልማድ ነውና ዛሬም ቃሉ ጥርሷ ጫፍ ይደርሳል። ትውጠዋለች። ወረቀቱን ትገለብጠዋለች፤ ስለ ቀይ የሚል ነገር የለበትም። ከዚህ በኋላ እንዲህ ነው ማለት ነው፣ ትላለች በሆዷ፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ አልጋው ዝም ይላል።

«እሺ እኔስ ይሁን፤ አንዷ ነርስ ልጅ ታቅፋ እያለች ቢቀላባትስ?»

ይሄኔ እጁን ይዘረጋል። ቀዩን አንብቦ የራሱን ላፕቶፕ ይከፍታል፤ ትንሽ ፈልጎ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። «ሠንጠረዡን!» ይላል እያሳለው። «የክብደቱን ሠንጠረዥ ከጥቅሉ ውስጥ አልከተትኩትም። እኔ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ስላለ፣ ባይታሸግም ፕሮግራሙ እዚያው ያገኘዋል። ስንቴ ስሞክረው አላስታወቀኝም።»

ይሄን ለመረዳት አራተኛ ክፍል መግባት አላስፈለጋትም። «ቤት ስንቀይር ጨው እንደረሳነው በላ። ወንፊቱ እንኳን ሳይቀር ተጭኖ፣ ጨው መደርደሪያው ላይ ቀረ። እጅ በልማድ የሚያነሳውን ዕቃ ማን ዕቃ ብሎ ይቆጥረዋል?»

ይስቃል። ሳቁ ሳል ሆኖበት በፎጣ ይቀበለዋል፤ ፎጣውን ቀዩ እንዳይታይ አጥፎ ትራሱ ሥር ይወሽቀዋል። አይታዋለች። እንዳላየች ትሆናለች።

ሠንጠረዡን ጨምሮ እንደገና ያሽጋል። «የጫንሽውን አጥፊና ከባዶ ጀምሪ። ከላይ እስከ ታች፣ አንድም መስመር ሳታልፊ።»

«ግትር ናት እያልክ ስታማኝ ኖረህ፣ ዛሬ ሳታልፊ ትለኛለህ?»

አንድ። ሁለት። አረንጓዴው ይሳባል። ሦስት። አሥራ ሁለት።

ሰባት ነጥብ አምስት፣ ይላል ስክሪኑ። ነጥቧ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ሊቅ!» የጎረቤት አልጋው በሽተኛ ደንግጦ ቀና ይላል። ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ትራሱ ላይ ይደገፋል። ወር ሙሉ ጆሮው ሥር ተሰቅሎ የከረመው ትከሻው ሲወርድ ታየዋለች።

ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል ከታች አንዲት መስመር ቀርታለች። አራት፣ ያልገባችሁ ነገር ካለ በዚህ ቁጥር ደውሉ። አንድም መስመር ሳታልፊ ተብላለች፤ እሷ ደግሞ የያዘችውን የምትለቅ ሰው አይደለችም። ስልኳን አውጥታ፣ በቃሏ የምታውቀውን ቁጥር እንደ ባዳ ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ትነካለች።

ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቆ፣ የወንድሟ ስልክ ይጮኻል።

«አንሳዋ!» ትላለች እየሳቀች።

አያነሳም። ዓይኑን ገልጦ ስልኩን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያየዋል። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ይደርቃል። መዝጋቱ የሷ ፋንታ ነበር፤ ጣቷ ግን እምቢ ይላታል፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትቀራለች። ይጠራል። ይጠራል። «እታለም» የሚለው ስም ብርድ ልብሱ ላይ ይበራል፣ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ወንድሟ እስክሪብቶ አንስቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የራሱን ቁጥር ይሰርዝና እስክሪብቶውን ያቀብላታል።