የስንብት ጸሎት

እሷ ካልሄደች ያ አስም ያለበት የልጅ ልጇ ሌሊት ሲታፈን ማን ደግፎ ያስቀምጠዋል? አሮጊቷ ሚስዮናዊት ይህን እያብሰለሰለች፣ የገጠሩ ምእመናን ለስንብት ባጨናነቁት ሳሎኗ ውስጥ ከባሏ ጎን ቆመች። ሴቶቹ ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ ጨብጠው ይዘዋታል።

«እማዬ፣ መኪናው ቆሟል እኮ!» አለች ልትወስዳት የመጣችው ልጇ።

«አንድ ጸሎት ብቻ፣ ልጄ» አሉ የጉባኤው ሽማግሌ። «እስካሁን እነሱ ጸለዩልን፤ ዛሬ ተራው የኛ ነው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ እናታችንን አትውሰድብን። ልባቸውን መልሰህ አንድ ዓመት ጨምርልን።»

«አሜን!» አለች አሮጊቷ፣ አፏ እንደለመደው ከሁሉም ቀድሞ።

ሳሎኑ በእልልታ ተናጋ። «እኔማ ለመቆየት እሺ አትይም ብዬ ነበር» አለ ባሏ፣ ትከሻዋን አቅፎ። «ኧረ እኔ...» ብትል ማን ሰምቷት፤ እጆቿንም የሚለቅላት ጠፋ። ልጇ አንድ ጊዜ ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ወጣች።